ራዳሩ መቼ ይከፈት? ለሚሽን ሠሪ ወጣቶች

ውድ ልጆቼ፣ እንደምን ሰነበታችሁ?

ለኮምፒውተር የበረራ ሲሙሌተር የምትሠሯቸውን ሚሽኖች እያወረድኩ እበርራለሁ። በተለይ ሌሊት እንቅልፍ እንቢ ሲለኝ። ካርታው ያምራል፣ ደመናው ያምራል፣ የሬዲዮ ንግግሩ ያምራል። አየር መከላከያው ጋ ስደርስ ግን ቅር ይለኛል። የሥራ ዘመኔን የጨረስኩት ራዳር ፊት ተቀምጬ ስለሆነ ይህን ነገር ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

ብዙ ጊዜ የሚያጋጥመኝ ይህ ነው። ሦስት ኤስ-300 የሚባል የሩሲያ ፀረ አውሮፕላን ሚሳኤል በመስመር ተደርድሯል። ሁሉም ራዳር ከመጀመሪያዋ ሴኮንድ ጀምሮ በርቷል። የሁሉም ችሎታ የመጨረሻው ደረጃ ላይ ተደርጓል። በራሪው ወይ ገና ሳይጠጋ ይመታል፣ ወይ ከሩቅ ፀረ ራዳር ሚሳኤል ለቅቆ ነገሩን ይጨርሰዋል። ይህ ከባድ ሊሆን ይችላል። እውነተኛ ግን አይደለም።

እኔም በዚሁ መንገድ አልፌያለሁ። የመጀመሪያ ሚሽኔ ላይ ኤስ-75 የሚባለውን የሶቪየት ፀረ አውሮፕላን ሚሳኤል አንድ ባትሪ ተከልኩ። ባትሪ ስል አንድ መምሪያ ራዳር፣ እሱ የሚመራቸው ማስወንጨፊያዎችና አብረዋቸው የሚሄዱት ተሽከርካሪዎች ማለቴ ነው። አቀማመጡ በመማሪያው ልክ ነበር። ራዳሩ መሀል፣ ስድስቱ ማስወንጨፊያዎች ዙሪያውን እንደ ኮከብ። ሜዳው ለጥ ያለ፣ ራዳሩ የማይጠፋ። አንድ ወጣት ጓደኛዬ በረረበትና በአራት ደቂቃ ውስጥ አወደመው። ከዚያ በማይኩ "ጋሼ፣ እዚህ ባትሪ ውስጥ ሰው የለም እንዴ?" አለኝ።

ነገሩ ከነከነኝ። ራዳር ካቢን ውስጥ ዕድሜዬን ያሳለፍኩት እኔ ነኝ። ሚሽኔ ውስጥ ግን ያንን የተቀመጠ ሰው ረስቼዋለሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ አንድ ባትሪ ከመትከሌ በፊት እዚያ ውስጥ ያለው ሰው ምን እንደሚጠብቅና ምን እንደሚፈራ አስባለሁ። የምመክራችሁ ሁሉ ከዚህ የሚወጣ ነው።

ምን እንደሚጠብቅ ልጀምር። ባዶ ሜዳ የሚጠብቅ ባትሪ የለም። ድልድይ፣ አየር ማረፊያ፣ የነዳጅ ዴፖ፣ ማዘዣ ጣቢያ ይኑር። መጀመሪያ እሱን ካርታው ላይ አስቀምጡ። ቀጥሎ ጠላት ከየት ሊመጣ እንደሚችል በአጥቂው ዓይን እዩት። ባትሪው የሚተከለው ከዚያ በኋላ ነው። መንገድም ያስፈልገዋል። የኤስ-75 ሚሳኤል ከ10 ሜትር በላይ ይረዝማል፣ ከ2 ቶን በላይ ይመዝናል። መኪና የማይደርስበት ገደል ጫፍ ላይ ተክላችሁት ሳይ ያንን ሚሳኤል ማን ተሸክሞ እንዳወጣው እጠይቃለሁ።

አሁን ወደ ክቡ እንምጣ። ሚሽን ኤዲተሩ ላይ በባትሪው ዙሪያ ቀይ ክብ ይሳላል። ብዙዎቻችሁ ያ ክብ ግድግዳ ይመስላችኋል። ክቡ የሚነግራችሁ ሚሳኤሉ ምቹ ሁኔታ ላይ የት ድረስ እንደሚሄድ ነው። ራዳሩ ግን ከምድር ኩርባ ጀርባ አያይም። ቀላል ሒሳብ አለው። የአንቴናውን ከፍታ በሜትር ወስዳችሁ ስኩዌር ሩቱን አውጡ። የአውሮፕላኑንም እንደዚያው። ሁለቱን ደምሩና በ4.12 አባዙት። የምታገኙት ርቀት በኪሎ ሜትር ነው።

አንቴናው 4 ሜትር ላይ ነው እንበል። በ4,900 ሜትር የሚበርር አውሮፕላን 297 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ከአድማሱ በላይ ይወጣል። ያው አውሮፕላን 49 ሜትር ላይ ቢወርድ የሚታየው 37 ኪሎ ሜትር ላይ ሲደርስ ነው። አንቴናውን 25 ሜትር ብታደርሱት 37ቱ ወደ 49 ከፍ ይላል። ኤስ-300 ላይ ክላም ሼል የሚባለው ራዳር ከ20 ሜትር በላይ በሆነ ምሰሶ ላይ ሲሰቀል የምታዩት ለዚህ ነው። ሥራው ዝቅ ብለው የሚመጡትን ማየት ነው። ተራራና ሸለቆ ሲጨመርበት ደግሞ ክቡ ተቆራርጦ የተቀደደ ጨርቅ ይመስላል። ባትሪ ስትተክሉ ሁሌም ቀዳዳ ይቀራል። አትድፈኑት። ቀዳዳውን እወቁትና የሚጠብቀው ሌላ ነገር እዚያ አስቀምጡ።

ስለ መሣሪያዎቹ ባሕርይ ብዙ አልልም፤ መመሪያው ላይ አለ። ሁለት ነገር ብቻ። ኩብ የሚባለው የሶቪየት ሚሳኤል፣ ማለትም ኤስኤ-6፣ ለአንድ ባትሪ አንድ ራዳር ተሽከርካሪና አራት ማስወንጨፊያ ነው ያለው። ያ አንድ ራዳር ከተመታ አራቱም ዕውር ናቸው። ቡክ በሚባለው ሌላው የሶቪየት ሚሳኤል ላይ ግን ተኳሹ ተሽከርካሪ የራሱን ራዳር ተሸክሞ ነው የሚዞረው። ስለዚህ የቡክን ተሽከርካሪዎች ማራራቅ ትችላላችሁ። የኩብን ግን ከራዳሩ አታርቁ። የአሜሪካኖቹ ፓትሪዮት ደግሞ ዙሪያውን አያይም፤ ፊቱን ወዳዞራችሁበት አቅጣጫ ነው የሚያየው። ጀርባውን ለጠላት ሰጥቶ የቆመ ፓትሪዮት ስንት ጊዜ እንዳየሁ አልቆጥርላችሁም። ዲሲኤስ በሚባለው ሲሙሌተር ላይ የምትሠሩ ከሆነ የአንድ ባትሪ ራዳሮችና ማስወንጨፊያዎች በሙሉ አንድ ግሩፕ ውስጥ መግባት አለባቸው። ለየብቻ ከተከላችኋቸው አይተኩሱም።

ሰውዬው ምን ይፈራል ወደሚለው ልመለስ። ልቤ ያለው እዚህ ነው።

ራዳር የከፈተ ሰው ጨለማ ውስጥ የእጅ ባትሪ ያበራ ሰው ነው። እሱ ያያል፤ ሌላው ሁሉ ደግሞ እሱን ያያል። ከ1960ዎቹ ሽራይክ ጀምሮ እስከ ሃርም ድረስ ፀረ ራዳር ሚሳኤል ያንን ጨረር ተከትሎ ይመጣል። (ቀኖቹንና ዓመቶቹን የምጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።) ስለዚህ ካቢን ውስጥ ያለው ሰው ትልቁ ውሳኔ መቼ ልተኩስ አይደለም። መቼ ልክፈት ነው።

ሁለት ታሪክ ልንገራችሁ። ሶሪያ በ1981 ሊባኖስ ባለው ቤካ ሸለቆ ውስጥ ባትሪዎቿን አስገባች። ከአንድ ዓመት በላይ ቆዩ። እስራኤላውያን ቦታቸውን አንድ በአንድ አጠኑት። ሰኔ 9 ቀን 1982 ሰው አልባ አውሮፕላን ልከው ራዳሮቹን አስከፈቷቸው። ራዳሮቹ ሲከፈቱ ምቱ ወረደ። ከ19 ባትሪዎች 17ቱ በዚያ ቀን ጠፉ።

ሁለተኛው ሰርቢያ ውስጥ፣ ከኔቶ ጋር በነበረው ጦርነት ነው። መጋቢት 27 ቀን 1999 በዞልታን ዳኒ የሚመራ የኤስ-125 ሚሳኤል ባትሪ ኤፍ-117 የሚባለውን የአሜሪካ አውሮፕላን መትቶ ጣለ። በራዳር አይታይም የተባለውን ማለት ነው። መሣሪያው የ1960ዎቹ ቴክኖሎጂ ነው። ልዩነቱ የሰዎቹ ሥርዓት ነበር። ፒ-18 በሚባል አሮጌ አሳሽ ራዳር ከሩቅ ይከታተላሉ። መምሪያ ራዳሩን ግን ከ20 ሴኮንድ ገደማ በላይ እንዳይከፍቱት ታዝዘዋል። ከዚያ ይዘጋል። ከዚያ ዕቃ ተጠቅልሎ ቦታ ይቀየራል። ባትሪው እስከ ጦርነቱ መጨረሻ ተረፈ።

ሲሙሌተራችሁ ላይ ይህን እንዴት ታመጡታላችሁ? ቀላሉ መንገድ አላርም ስቴት የሚባለው የባትሪው ዝግጁነት ምርጫ ነው። ባትሪውን አረንጓዴ ላይ አድርጉት፤ ራዳሩ ዝም ይላል። ከዚያ ትሪገር ዞን ሥሩ፤ አውሮፕላን ሲገባበት ትእዛዝ የሚያስነሳ ክልል ማለት ነው። አውሮፕላኑ ማምለጥ ወደማይችልበት ርቀት ሲገባ ወደ ቀይ ይቀየር። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ደግሞ መልሳችሁ አረንጓዴ አድርጉት። የተኩስ ርቀቱንም በመቶኛ መገደብ ይቻላል። ከጫፍ የሚተኩስ ሰው ሚሳኤል ያባክናል፣ የት እንዳለም ያሳብቃል። ትንሽ ደፈር ላላችሁ ደግሞ ስካይኔትና ማንቲስ የሚባሉ ስክሪፕቶች አሉ። ባትሪዎቹን ከሩቅ አሳሽ ራዳር ጋር ያገናኟቸዋል፣ ሃርም ሲመጣ ራዳሩን ያዘጉታል። ስክሪፕት አትፍሩ። እኔ በዚህ ዕድሜዬ ተምሬዋለሁ።

ያንን የመጀመሪያ ሚሽኔን በዚህ መንገድ እንደገና ሠራሁት። ያው ወጣት በረረበት። ብዙ ደቂቃ ምንም የራዳር ድምፅ አልሰማም። ዝምታው አስጨነቀው። ዝቅ አለ፣ ከፍ አለ፣ አቅጣጫ ቀየረ። ነዳጁ አለቀበትና ቦምቡን ክንፉ ላይ እንደያዘ ተመለሰ። ከባትሪው አንድ ሚሳኤል አልተተኮሰም። ድልድዩ ግን ቆሟል። ያ ባትሪ ሥራውን ሠርቷል። ከራዳር ጋር ለኖረ ሰው ይህ ከአሥር ተኩስ ይበልጣል።

መድፉን አትናቁ። ቬትናም ላይ አብዛኛውን የአሜሪካ አውሮፕላን የጣለው ሚሳኤል አይደለም፤ መድፍ ነው። ሚሳኤሉ አውሮፕላኑን ከላይ ወደ ታች ያወርደዋል፣ መድፉ ከታች ይጠብቀዋል። ሐምሌ 1965 ላይ አንድ ኤፍ-4 በኤስ-75 ተመታ። ከሦስት ቀን በኋላ አሜሪካኖቹ ሁለት የሚሳኤል ሥፍራዎችን ለማጥፋት ዝቅ ብለው ገቡ። ስድስት ኤፍ-105 ጠፋባቸው። በኋላ ሲጣራ አንደኛው ሥፍራ ላይ የቆመው የውሸት ሚሳኤል ነው፣ ሌላኛው ባዶ ነው። ዙሪያውን ግን መድፍ ተጠምዶ ነበር። እናንተም ሺልካ (በተሽከርካሪ ላይ ያለ መድፍ) እና ኢግላ (በትከሻ የሚተኮስ ሚሳኤል) ስታስቀምጡ ከባትሪው አጠገብ ብቻ አትከምሯቸው። ቅድም ባልኳችሁ ቀዳዳ አፍ ላይ፣ ዝቅ ብሎ የሚመጣው የሚመርጠው ሸለቆ ላይ አስቀምጧቸው። አንድ ሁለት ባዶ ሥፍራም ሥሩ። ውድ ነገር አይደለም፤ ሁለት የጭነት መኪናና ጥቂት አጥር ይበቃል።

የራሳችሁ ጠላፊ ጄቶችም ጉዳይ አለ። ግንቦት 1 ቀን 1960 ሶቪየቶች ዩ-2 የሚባለውን የአሜሪካ የስለላ አውሮፕላን በኤስ-75 ሲመቱ፣ ከተኮሷቸው ሚሳኤሎች አንዱ የራሳቸውን ሚግ-19 መታ። አብራሪው ሰርጌይ ሳፍሮኖቭ ሞተ። መሬት ላይ ያሉት አየሩ ላይ ያለው ማን እንደሆነ ሁሌም አያውቁም። ጄቶቻችሁን ከባትሪው ቀጣና ውጭ አሰማሯቸው። ወይም ሰዓት ከፋፍሉላቸው፤ መጀመሪያ ጄቶቹ፣ እነሱ ሲወጡ ባትሪው።

የሁሉንም ባትሪ ችሎታ የመጨረሻው ደረጃ ላይ አታድርጉት። በአንድ ጦር ውስጥ ጎበዝም አለ፣ ጀማሪም አለ፣ ሦስት ሌሊት ያልተኛም አለ። አንዱ ባትሪ ቶሎ ይክፈት፣ አንዱ ይዘግይ። አንዱ ሚሳኤል ጨርሶ ጭነት ይጠብቅ። በራሪው የትኛው የትኛው እንደሆነ በበረራ ይወቀው።

ብሪፊንጉን፣ ማለትም ከበረራ በፊት ለበራሪው የሚሰጠውን ገለጻ፣ በተመለከተ ደግሞ፣ እባካችሁ ሁሉንም ባትሪ በትክክለኛ ቦታው ካርታው ላይ አትሳሉለት። ጥቅምት 7 ቀን 1973 እስራኤላውያን የሶሪያን ባትሪዎች ለመምታት ሲነሱ በእጃቸው የነበረው መረጃ አርጅቶ ነበር። ኩቦቹ ቦታ ቀይረዋል። ስድስት ፋንቶም አውሮፕላን ጠፋ፤ የተመታው ባትሪ አንድ ነው። ስለዚህ ብሪፊንጋችሁ ላይ የአየር ፎቶ አስገቡ፣ ጥጉ ላይ ፎቶው የተነሳበትን ቀንና ሰዓት ጻፉ። ከዚያ ከባትሪዎቹ አንዱን ስምንት ኪሎ ሜትር ያህል፣ መንገድ ተከትላችሁ፣ ከኮረብታው ማዶ አዙሩት።

አክባሪያችሁ