ሦስቱም የጀልባ ሞተሮች ባለ 40 የፈረስ ጉልበት ከሆኑ ልዩነታቸው ምንድነው?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ። 7 ሜትር የሚሆን የፋይበር ጀልባ አለን፣ ሦስት ሰው መረብና በረዶ ጭነን ነው የምንወጣው። አሁን ያለው ሞተር ስላረጀ ባለ 40 የፈረስ ጉልበት ቱ ስትሮክ (ዘይት ከቤንዚኑ ጋር የሚቀላቀልበት) ልንገዛ ነው፣ ግን አልተስማማንም። አንዱ ያማሃ ኢንዱሮ ይላል፣ አንዱ ሱዙኪ ዲቲ 40፣ ሌላው ደሞ ቶሃትሱ ይሻላል ቀላል ነው ነዳጅም አይበላም ይላል። የቱን እንግዛ?

መልስ፦ ነገሩ ምን መሰለህ ወንድሜ፣ 40 የሚባለው ሙሉ ጋዝ ሰጥተኸው ሞተሩ በደቂቃ 5 ሺህ ዙር አካባቢ ሲዞር የሚወጣው ጉልበት ነው፣ እናንተ ደግሞ እርጥብ መረብና ዓሣ ጭናችሁ ስትመለሱ የምትፈልጉት ከታች ጀምሮ የሚገፋ ሞተር ነው። እዛ ላይ የሲሊንደሩ ስፋት ነው የሚለያቸው። ኢንዱሮ 40ኤክስ 703 ሲሲ ነው፣ ዲቲ 40 ደግሞ 696 ሲሲ፣ ባለ ሁለት ሲሊንደሩ ቶሃትሱ ኤም 40ሲ ግን 493 ሲሲ ብቻ። ትንሹም 40 ያወጣል፣ አይዋሽም፣ ግን ያንን ለማውጣት መጮህ አለበት። ጀልባችሁ ቀላል ቢሆንና ማታ ማታ ሞተሩን ነቅላችሁ ተሸክማችሁ የምትገቡ ቢሆን ኖሮ ቶሃትሱን ነበር የምላችሁ፣ በሦስት ሰውና በበረዶ ግን ከሁለቱ ትልልቆች አንዱን ውሰዱ። ከሁለቱ የቱ ላልከው፣ መለዋወጫውን የሚይዝና ሞተሩን ፈቶ የሚያውቅ መካኒክ ቅርባችሁ ያለውን ነው፣ በኔ እምነት ከዛ ያለፈ ክርክር ትርፉ ድካም ነው።

የነዳጁ ወሬ ግን አይምታታባችሁ። ካርቡራተር (ቤንዚኑን ከአየር ጋር የሚቀላቅለው) ያለው ቱ ስትሮክ አዲሱ ቤንዚን ሲገባ የጭስ መውጫውም ክፍት ስለሆነ የተወሰነው ሳይቃጠል ከጭሱ ጋር ይወጣል፣ ያማሃም ሱዙኪም ቶሃትሱም እዚህ ላይ ያው ናቸው። ሙሉ ጋዝ ላይ በግምት ለአንድ የፈረስ ጉልበት በሰዓት ግማሽ ሊትር አስቡ፣ 40ው ወደ 20 ሊትር ይሄዳል ማለት ነው። ከዚህ በደንብ የሚቀንሰው ፎር ስትሮክ ወይ ቤንዚኑን በቀጥታ ሲሊንደር ውስጥ የሚረጨው ቱ ስትሮክ ነው። የሁለተኛው ዓይነት ታዋቂው ኢቪንሩድ ኢቴክ ነበር፣ እሱ ግን በፈረንጆቹ 2020 መመረቱ ስለቆመ አሁን ገብታችሁበት መለዋወጫ ፍለጋ ባትዞሩ ጥሩ ነው።

ሞተር ከመቀየራችሁ በፊት ደግሞ ፕሮፔለሩን እዩልኝ። እኔ አንድ ጊዜ ሞተሬ ይጮሃል ጀልባው አይሄድም፣ ካርቡራተር ፈታሁ ካንዴላ ቀየርኩ ምኑን ልንገራችሁ፣ ለካ ፕሮፔለሩ መሃል ያለው ጎማ ተልጦ ዘንጉ ብቻውን ነው የሚዞረው! ግማሽ ቀን በከንቱ ሄደ። ሌላው ፒቹ ነው (ፕሮፔለሩ አንዴ ሲዞር ወደፊት ሊገፋ የሚችለው ርቀት በኢንች)፣ ለፈጣን ጀልባ የተሰራ ትልቅ ፒች ጭነት ያለው ጀልባ ላይ ከተገጠመ ሞተሩ ይታነቃል፣ ሙሉ ጭነት ይዛችሁ ሙሉ ጋዝ ስትሰጡት መመሪያው ላይ ያለው ዙር ውስጥ ካልገባ (ኢንዱሮ 40 ከ4500 እስከ 5500 ነው) ፒቹን ቀንሱ፣ 1 ኢንች ሲቀንስ ወደ 200 ዙር አካባቢ ይጨምራል። የሞተሩን እግር ቁመትም ሳትለኩ እንዳትገዙ፣ አጭሩ 38 ረጅሙ 51 ሴንቲ ነው፣ ከፕሮፔለሩ በላይ ያለችው ጠፍጣፋ ክንፍ ከጀልባው ሆድ ጋር እኩል መሆን አለባት። ያገለገለ ከሆነ የምትገዙት የሁለቱንም ሲሊንደር ኮምፕሬሽን (ውስጡ የሚታመቀውን ግፊት) አስለኩ፣ አንዱ ከሌላው በጣም ከወረደ ቀለሙ አዲስ መስሎ ቢያብረቀርቅም ተዉት።

ጥያቄ፦ ዘይት ከቤንዚን ጋር ስንት ነው የሚቀላቀለው? ጓደኛዬ ሲበዛ ሞተሩን ይጠብቀዋል ብሎኝ እጥፍ አድርጌ ነበር፣ አሁን ጠዋት ጠዋት እንቢ ይላል ጭሱም አያድርስ ነው።

መልስ፦ ጓደኛህ ለሞተሩ አዝኖ ነው ግን ተሳስቷል። ዘይቱ ሲበዛ የቤንዚኑን ቦታ ይይዛል፣ ካርቡራተሩ ያን ሁሉ ስለማያውቅ ሲሊንደር የሚደርሰው ቤንዚን ያንሳል፣ ካርቦኑ ደሞ የፒስተኑን ፋሻ ያጣብቀዋል። ካንዴላህን ንቀለው፣ ጥቁርና እርጥብ ሆኖ ታገኘዋለህ፣ ደረቅ ቡናማ ነበር መሆን ያለበት። አብዛኛው 50 ለ 1 ነው፣ ለ1 ሊትር 20 ሚሊ፣ 25 ሊትር ታንክ ከሆነ ግማሽ ሊትር ዘይት። አንዳንዱ መመሪያ 100 ለ 1 ይላል፣ አዲስ ሞተር ሮዳጅ (የመጀመሪያው ማለማመጃ ጊዜ) ላይ እያለ ደግሞ 25 ለ 1 የሚሉ አሉ፣ የራስህን መመሪያ እይ። ዘይቱ ቲሲ ደብሊው 3 የሚል የተጻፈበት የጀልባ ዘይት ይሁን፣ የመኪና ዘይት በፍጹም አይሆንም።

ስትነሳ ከሞተሩ ጎን የምትፈሰውን ቀጭን ውሃ አስተውል፣ ጣትህን ብታስገባባት ለብ ያለች መሆን አለባት። ከቀጠነች ወይ ከቆመች ሞተሩን ወዲያው አጥፋ፣ ብዙ ጊዜ የውሃ መሳቢያው ቀዳዳ ላይ የተለጠፈ ፌስታል ነው፣ ካልሆነ የውሃ ፓምፑ ጎማ አልቋል። ለቀናት የማትወጣ ከሆነ ደግሞ የቤንዚኑን ቱቦ ነቅለህ ካርቡራተሩ ውስጥ ያለውን ጨርሶ ራሱ እስኪጠፋ አስነሳው፣ ውሃ ውስጥ እያለ ግን፣ በደረቅ ካስነሳኸው የፓምፑ ጎማ በደቂቃ ነው የሚበላው።