ቀስ ብሎ የሚመጣው የደም ካንሰር፦ በደሴና በኮምቦልቻ ለምትሠሩ ወጣት የጤና ባለሙያዎች

ልጆቼ፣

ይህን የምጽፈው በደሴና በኮምቦልቻ ላቦራቶሪ ማይክሮስኮፕ ላይ ለምታጎነብሱ፣ ዋርድ ለምትዞሩ፣ ተመላላሽ ክፍል በቀን ስልሳ ሰባ ሰው ለምታዩ ነው። የማነሣው አንድ ጉዳይ ነው፤ አኪውት ሉኪሚያ፣ ማለትም አጣዳፊው የደም ካንሰር፣ ሁልጊዜ ድንገት አይመጣም። ትናንት ኳስ ሲጫወት የነበረን ልጅ በሳምንታት ውስጥ አልጋ ላይ የሚጥል ዓይነት አለ፤ እሱ ራሱን በራሱ ያሳብቃል። የሚያመልጠን ሌላው ነው። ከመቅኔ በሽታ ተነሥቶ ዓመታት ይወስዳል፤ «ደም ማነስ ነው» እየተባለ በብረት ክኒንና በፎሊክ አሲድ ሲሸነገል ይቆይና አንድ ቀን ነጭ የደም ሴሉ ሽቅብ ሲወጣ ሁሉም ይደነግጣል። አካሄዱን ላወቀበት ግን የሚያስደነግጥ አይደለም።

መቅኔ በቀን ወደ 200 ቢሊዮን የሚጠጋ ቀይ የደም ሴል ያመርታል። ቀዩ ሴል 120 ቀን ያህል ይኖራል፤ ደም የሚያረጋው ፕሌትሌት ከ8 እስከ 10 ቀን፤ ኢንፌክሽን የሚከላከለው ነጭ ሴል ኒውትሮፊል ደም ውስጥ የሚቆየው አንድ ቀን እንኳ አይሞላም። ይህ ሁሉ የሚወጣው ከግንድ ሴሎች ነው። ዕድሜ ሲገፋ በአንዱ ግንድ ሴል ዲኤንኤ ላይ ስሕተት ይገባል፤ ብዙ ጊዜ ዲኤንኤምቲ3ኤ፣ ቲኢቲ2 እና ኤኤስኤክስኤል1 በሚባሉት ጂኖች ላይ። ብዙ አዛውንቶች ይህን ይዘው ምንም ሳይሆኑ ይኖራሉ። ስሕተት ያለበት ሴል ከጎረቤቶቹ የበለጠ የመባዛት ዕድል ካገኘ ግን ዘሩ ስንዴ ውስጥ እንደገባ እንክርዳድ መቅኔውን ይወርሰዋል። የሚያመርተው ብዙ ነው፤ ነገር ግን አብዛኛው የተበላሸ ስለሆነ ወደ ደም ሳይወጣ እዚያው ይሞታል። መቅኔው ጢም ብሎ ሞልቶ ደሙ ባዶ የሚሆነው ለዚህ ነው። ማይሎዲስፕላስቲክ ሲንድረም፣ በአጭሩ ኤምዲኤስ የምንለው ይህንን ነው።

በዚህ ላይ ቲፒ53ን ወይም ራንክስ1ን የመሰለ ሌላ ስሕተት ሲደረብ ሴሎቹ መብሰላቸውን ያቆማሉ። ከመቅኔው ሴል ከ5 በመቶ በታች የነበረው ብላስት፣ ማለትም ያልበሰለው ሴል፣ ወደ 8፣ ወደ 15 ይወጣል፤ 20 በመቶ ሲደርስ ስሙ አኪውት ማይሎይድ ሉኪሚያ ይሆናል። ይህ 20 ተፈጥሮ ያሰመረችው ድንበር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1982 የፈረንሳይ፣ የአሜሪካና የእንግሊዝ ባለሙያዎች ያወጡት ምደባ 30 በመቶ ይል ነበር፤ የዓለም ጤና ድርጅት በ2001 ወደ 20 አወረደው፤ በ2022 ከወጡት ሁለት ምደባዎች አንዱ ደግሞ ከ10 እስከ 19 በመቶ ያለውን በሉኪሚያና በኤምዲኤስ መካከል ለብቻው አስቀምጦታል። ስለዚህ መቅኔ ላይ 18 በመቶ ብላስት ቆጥሮ «ገና ነው» የሚል ሰው ቁጥሩን እንጂ በሽታውን አላየም።

ወደ ሉኪሚያ የሚያደርሱት መንገዶች እኩል አይደሉም። ከኤምዲኤስ ሕመምተኞች ሲሶ ያህሉ ወደ አኪውት ሉኪሚያ ይሻገራሉ፤ የተቀሩትን በአብዛኛው የሚገድላቸው ኢንፌክሽን፣ መድማትና የልብ ድካም ነው። ቀይ ደም ከመጠን በላይ የሚያመርተው ፖሊሳይቴሚያ ቬራና ፕሌትሌት የሚያበዛው ኢሴንሻል ትሮምቦሳይቴሚያ በ10 ዓመት ውስጥ የሚሻገሩት በመቶ ጥቂቶቹ ብቻ ናቸው፤ መቅኔው ጠባሳ የሚሆንበት ማይሎፋይብሮሲስ ግን ከ10 እስከ 20 በመቶ ይደርሳል። መቅኔው የሚደርቅበት አፕላስቲክ አኒሚያም፣ በመድኃኒት ከተሻለው በኋላ እንኳ፣ ከ10 ሰው በአንዱ ገደማ ከዓመታት በኋላ ወደ ኤምዲኤስ ወይም ሉኪሚያ ይዞራል። «ድኗል» ብላችሁ ካርዱን እንዳትዘጉ።

ክሮኒክ ማይሎይድ ሉኪሚያ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም የኛ ሥራ ከሁሉም በላይ ለውጥ የሚያመጣው እዚህ ላይ ነው። ኢማቲኒብ የሚባለው ክኒን ከመምጣቱ በፊት ሕመምተኛው ከ3 እስከ 5 ዓመት ቆይቶ ብላስት ክራይሲስ ወደሚባለው አጣዳፊ ደረጃ ይገባ ነበር። ክኒኑ እ.ኤ.አ. በ2001 ከጸደቀ ወዲህ በአግባቡ የሚወስደው ሰው ብዙውን ጊዜ እንደማንኛውም ሰው ያረጃል። በአግባቡ ማለት በየቀኑ፣ በተለምዶ 400 ሚሊግራም፣ ከምግብ ጋር፣ በትልቅ ብርጭቆ ውሃ ነው። በኛ አገር የሚያቋርጡት ብዙዎች «ሆዴን አቃጠለኝ» ወይም «ጾም ነው» ብለው ነው። በቀን አንድ ጊዜ የሚወሰድ ስለሆነ በረመዳን ከኢፍጣር ጋር፣ በዐቢይ ጾም ደግሞ ጾሙ በሚፈታበት ሰዓት ከምግቡ ጋር ይሄዳል። ይህን እናንተ ካልነገራችኋቸው በገዛ እጃቸው ያቆሙታል፤ ማን ይነግራቸዋል ብላችሁ ነው?

አሁን ወደ ወረቀት እንሂድ። እንበልና አንድ የ68 ዓመት አባት ከወረኢሉ መጡ። ልጃቸው ከፌስታል ውስጥ አራት የሲቢሲ (የደም ሴል ቆጠራ) ወረቀት አወጣ። የመጀመሪያው የሁለት ዓመት ነው፦ ሄሞግሎቢን 11.8፣ ኤምሲቪ (የቀይ ሴሉ አማካይ ግዝፈት) 103፣ ፕሌትሌት 142 ሺህ። ከስምንት ወር በኋላ 10.1፣ 106፣ 97 ሺህ። ቀጥሎ 8.4፣ 109፣ 61 ሺህ፤ ኒውትሮፊል 900። የዛሬው 7.2 እና 34 ሺህ ሲሆን ነጭ የደም ሴሉ ግን 14 ሺህ ሆኗል። በየጊዜው ያየው ሰው የየራሱን ወረቀት ብቻ አይቶ ብረት ሰጥቷል። አራቱን ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ ብታዩአቸው ግን ሦስት ነገር ይናገራሉ። ኤምሲቪው ትልቅ ስለሆነ ችግሩ ከመጀመሪያውም የብረት እጥረት አይመስልም ነበር። ሦስቱም የሴል ዘሮች (ቀዩ፣ ነጩና ፕሌትሌቱ) አብረው መውረዳቸው ጣትን ወደ መቅኔ ያስቀስራል። ወርዶ የነበረው ነጭ ሴል ሌሎቹ እየወረዱ እሱ ብቻ ሲወጣ ደግሞ የምሥራች አይደለም፤ የወጣው ብላስት ሊሆን ይችላል። ሦስተኛው ወረቀት ላይ ሞርፎሎጂ (የሴሎቹን ቅርጽ በማይክሮስኮፕ ማየት) ቢታዘዝ ኖሮ ወራት ይተርፉ ነበር።

ነገር ግን የወረደ ቁጥር ሁሉ ኤምዲኤስ አይደለም፤ በዚህም በኩል እንዳትሳሳቱ። የብዙ ኢትዮጵያውያን ኒውትሮፊል በተፈጥሮው ከፈረንጅ መጽሐፍ ልክ ያነሰ ነው፤ ቀይ ሴል ላይ ዳፊ የሚባለው የሴል መለያ (አንቲጅን) ካለመኖሩ ጋር ይያያዛል። ጤነኛ ሆኖ፣ ኢንፌክሽን ሳያጠቃው፣ ለዓመታት 1,200 ላይ የቆመ ኒውትሮፊል ሊያስጨንቃችሁ አይገባም። በሄሞግሎቢን በኩል ደግሞ ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ 1,850 አካባቢ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደ ደሴ ባለ ከፍታ ከሚለካው ሄሞግሎቢን ላይ ከ1 ግራም በላይ ቀንሰን ደም ማነስን እንድንወስን ይመክራል። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ጥናት ግን በሰሜን ተራሮች አካባቢ በ3,530 ሜትር የሚኖሩ አማሮች አማካይ ሄሞግሎቢናቸው ለወንድ 15.9፣ ለሴት 15.0 ሆኖ፣ ከባሕር ጠለል ነዋሪ ብዙም ሳይርቅ አግኝቶታል። በእኔ እምነት ለኛ ሰው ከሠንጠረዡ ይልቅ የራሱ ያለፈ ቁጥር የተሻለ ሚዛን ነው።

ኤምዲኤስን የሚመስሉትን አስቀድማችሁ አጣሩ። የቢ12 እና የፎሌት እጥረት ተመሳሳይ ትልቅ ሴልና የሦስቱንም ዘር መውረድ ያመጣል። ለምርመራ የሚሆነውን ደም ከመርፌው በፊት ቅዱ፤ ቢ12 ከተሰጠ በኋላ ሬቲኩሎሳይት (አዲስ የወጣው ቀይ ሴል) በሳምንት ገደማ ውስጥ ካልዘለለ ሌላ ነገር ፈልጉ። ቢ12 ሳይታይ ፎሊክ አሲድ ብቻውን አትስጡ፤ ደሙን እያሻሻለ ነርቩን ይጎዳል። ኤችአይቪ ራሱ፣ ዚዶቩዲን፣ ኮትሪሞክሳዞል፣ ሜቶትሬክሴት፣ መድኃኒት ለተላመደ ቲቢ የሚሰጠው ሊንዞሊድ፣ አልኮልም እንደዚሁ ያደርጋሉ። መተማ ወይም ሑመራ ለሰሊጥ አጨዳ ሄዶ የተመለሰ፣ ትኩሳት ያለው፣ ጣፊያው እምብርቱ ድረስ የወረደ ወጣት ከሆነ መጀመሪያ ካላአዛርን (በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፈውን በሽታ) አስቡ። ኤምዲኤስ ጣፊያ እምብዛም አያሳብጥም፤ በሽታውም በአብዛኛው የአዛውንቶች ነው።

ለላቦራቶሪዎቹ። ነጭ ሴልን በሦስት ብቻ የሚከፍል የደም ቆጣሪ ማሽን ብላስት የሚባል ሣጥን የለውም፤ ብላስቱን «ድብልቅ» ወይም «ሊምፎሳይት» በሚለው ውስጥ ይቆጥረዋል። ድብልቁ ወይም ሊምፎሳይቱ ያለ ምክንያት ከፍ ካለ፣ ወይም ማሽኑ ምልክት አድርጎ ካወጣው፣ ስሚር (ስላይድ ላይ የተቀባ ደም) ሳታዩ ውጤት አትልቀቁ። ስሚሩን ደሙ ከተቀዳ ከ2 ሰዓት ባልበለጠ ጊዜ ሥሩ። ከኮምቦልቻ የምትልኩ ስላይዱን እዚያው ሠርታችሁ ላኩ፤ ቲዩቡ ሀረጎን ወጥቶ፣ ካርድ ክፍል ተሰልፎ እስኪደርስ አትጠብቁ። ባለሐምራዊ ክዳን ቲዩብ ውስጥ ያደረ ደም የኒውክለሱ ቅርጽ ይበላሻል፣ ሳይቶፕላዝሙ ጉድጓድ ያወጣል፤ ጤነኛውን ሰው ኤምዲኤስ ያስመስለዋል። ክረምት ደሴን ጉም ሲሸፍናት ስላይድ ቶሎ አይደርቅም፤ ሳይደርቅ ሜታኖል ውስጥ የገባ፣ ወይም ውሃ በገባበት ሜታኖል የተነከረ ስላይድ ቀይ ሴሎቹ ላይ የሚያብለጨልጭ ነጥብ ያወጣል። የቀለሙን ማቅጠኛ (በፈር) ፒኤች 6.8 ላይ ጠብቁ። ግራኑል የሌለው ኒውትሮፊል ስታዩ መጀመሪያ ቀለማችሁን ጠርጥሩ፤ እዚያው ስላይድ ላይ ያለ ኢኦሲኖፊል ደህና ከተቀባ ችግሩ የቀለሙ አይደለም። ኒውክለሱ ሁለት ክፍል ብቻ ሆኖ በቀጭን ክር የተያያዘ ኒውትሮፊል ከበዛ ጻፉት። ደም ላይ 200፣ መቅኔ ላይ 500 ሴል ቁጠሩ፤ መቶ ቆጥሮ «2 በመቶ ብላስት» ማለት ሁለት ሴል ማየት ነው። ፕሌትሌት ሲያንስ የስላይዱን ጅራት ተመልከቱ፤ ተጣብቆ የተከማቸ ፕሌትሌት ካለ በሲትሬት ቲዩብ ደግማችሁ ቅዱና ውጤቱን በ1.1 አባዙ።

መቅኔ ለምትቀዱ፦ ከኋላ ከዳሌ አጥንት ጫፍ፣ ሊዶካይኑ የአጥንቱን ሽፋን በደንብ እስኪያደነዝዝ ታግሣችሁ። ለስሚር የመጀመሪያው መሳብ ከ0.5 ሚሊሊትር አይብለጥ፤ ከዚያ በላይ የሚመጣው ደም ነው፣ የብላስቱንም መቶኛ ያሳንሰዋል። ምንም ካልወጣ «አልተሳካም» ብላችሁ አትተዉት፤ ጠባሳ ወይም ታጭቆ የሞላ መቅኔ ሊሆን ስለሚችል ባዮፕሲው የግድ ነው። አንድ የማይነገር ጥፋት ደግሞ አለ። ለአዲስ አበባ የሚላከው ያልተቀባ ስላይድና የባዮፕሲው የፎርማሊን ብልቃጥ አንድ ካርቶን ውስጥ ይታሸጋሉ። የፎርማሊን ተን ስላይዱን እዚያው ያበላሸዋል፤ 400 ኪሎ ሜትር ተጉዞ ሲቀባ ሁሉም ነገር ድብልቅልቅ ያለ አረንጓዴ ሰማያዊ ይሆናል። ለየብቻ አሽጉ፤ ስላይዱ ላይ ስምና ቀን በእርሳስ ጻፉ፣ እስክሪብቶ በሜታኖል ይጠፋል።

ስታናግሯቸው የሥራና የሕክምና ታሪክ ጠይቁ። ለጡት ወይም ለሊምፋቲክ ካንሰር ሳይክሎፎስፋማይድ የወሰደች ሴት ከ5 እስከ 10 ዓመት በኋላ፣ ኢቶፖሳይድ የወሰደ ደግሞ ከ1 እስከ 5 ዓመት ውስጥ በመድኃኒቱ ምክንያት ሉኪሚያ ሊይዛቸው ይችላል። በመኪና ነዳጅ ውስጥ ያለው ቤንዜንም መቅኔን ያደርቃል፣ ሉኪሚያም ያመጣል። የኮምቦልቻ ጋራዥ ልጆች ቅባቱን ከእጃቸው በቤንዚን የሚያጥቡት፣ ከታንከር በላስቲክ ቱቦ በአፍ የሚስቡት ነገር ቀልድ አይደለም። ሳሙናና የእንጨት ፍቅፋቂ ያንኑ ቅባት ያወርደዋል።

ለጠረጠራችሁት ሰው ምርመራው ሳያልቅ ፕሬድኒሶሎን አትጀምሩ፤ ሊምፎይድ የሆነውን ሉኪሚያ ለጊዜው ይደብቀዋል። ደም ከመስጠታችሁ በፊት የመመርመሪያውን ናሙና ቅዱ። አንድ ከረጢት ቀይ ደም ሄሞግሎቢንን በ1 ግራም ገደማ ያሳድጋል፤ ከ200 እስከ 250 ሚሊግራም ብረትም ይዞ ይገባል። በተደጋጋሚ ደም ለሚወስድ ሰው የብረት ክኒን መጨመር ጉበቱንና ልቡን መጉዳት ነው። ፕሌትሌቱ ከ50 ሺህ በታች ከሆነ የጡንቻ መርፌ፣ አስፕሪን፣ ዳይክሎፌናክ አይሰጥ።

ቤተሰቡን አታስደንግጡ፤ አትዋሿቸውም ግን። «አብሽሩ» ማለት ጥሩ ነው፣ ግን ከዚያ በኋላ ዝም አይባልም። ከኤምዲኤስ ሊያድን የሚችለው ከሌላ ሰው የሚደረግ የመቅኔ ንቅለ ተከላ እንደሆነ፣ አዛሲቲዲንን የመሰለ መድኃኒት ደግሞ በሽታውን የሚያዘገይ እንጂ የማያጠፋ እንደሆነ በግልጽ ንገሯቸው። ግሸን ለጠበል ወይም ለዱአ መሄድ ከፈለጉ አትከልክሏቸው፤ የሚመለሱበትን ቀን ግን አስይዙ። ቴርሞሜትር ገዝተው ይሂዱ። ኒውትሮፊሉ ከ500 በታች የሆነ ሰው 38.3 ካሳየ፣ ወይም 38 ላይ አንድ ሰዓት ከቆየ፣ ሌሊትም ቢሆን ፓራሲታሞል ውጦ እስኪነጋ አይጠብቅም፤ ድንገተኛ ክፍል ይመጣል፣ አንቲባዮቲኩም በደረሰ በአንድ ሰዓት ውስጥ በደም ሥር ይጀመራል። ይህችን ትእዛዝ በአማርኛ፣ በትልቁ፣ ካርዱ ጀርባ ላይ ጻፉላቸው፤ ማታ ተረኛው ሌላ ሰው ነው።