«ሳይርበኝ የምጾመው ጾም ይቆጠርልኛል?»

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? የምኖረው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ነው። ስኳርና የደም ግፊት ስላስቸገሩኝ ከሰባት ወር በፊት በሐኪም ምክር ጨጓራዬን በቀዶ ሕክምና አሳነስኩ። አሁን ጥቂት ማንኪያ ሽሮ ይበቃኛል። ረሃብ ግን ጨርሶ ጠፋብኝ። ሳይርበኝ የምጾመው ጾም ይቆጠርልኛል? ዘመድ ቤት ስሄድ ደግሞ ማዕድ ገፋች እንዳልባል እበላለሁ፤ ከዚያ ተደብቄ አስመልሳለሁ። እናቴም «እግዚአብሔር የሰጠሽን ሆድ ቆርጠሽ ጣልሽ» እያለች ታዝንብኛለች። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እኅቴ ሆይ፣ ቶሎ ስለሚያልቅ ከመጨረሻው ልጀምር። መታከም ኃጢአት አይደለም። ሲራክ በ38ኛው ምዕራፍ ባለ መድኃኒትን አክብር፣ እርሱንም የፈጠረው እግዚአብሔር ነው ይላል። በዚህ ነገር ልብሽን አታድክሚ።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላው ነው። «ካልራበኝ ምኑን ጾምኩት» የሚል ስንት ሰው አጋጥሞኛል! የስኳር መድኃኒታቸውን ትተው «ዘንድሮስ ጾምኩ» ያሉ አባት አውቃለሁ፤ የትንሣኤን ሌሊት ያሳለፉት ሐኪም ቤት ተኝተው ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የቆየበትን ረሃብ እንደ ዕቁብ ብር የሚቆጥር ወጣትም አለ፤ ሰዓቱ ሲደርስ ማዕዱ ላይ እንዴት እንደሚወርድበት ብታዪ ትገረሚያለሽ። ፍትሐ ነገሥት በ15ኛው አንቀጽ ጾምን ሲተረጉም፣ ሰው በታወቀ ጊዜ ከምግብ የሚከለከለው መከልከል ነው፣ ሥጋም ለነፍስ እንዲታዘዝ ነው ይላል። ስለ መታዘዝ ተናገረ እንጂ ሆድ ስንት ጊዜ እንደሚጮኽ አልቆጠረም።

በአጥቢያችን የምታገለግል አንዲት ነርስ እንዳስረዳችኝ፣ በብዛት በሚደረገው በዚህ ቀዶ ሕክምና ከጨጓራ ከ75 እስከ 80 በመቶ ያህሉ ይወጣል። «ራበኝ» ብሎ ለአንጎል የሚናገረው ግሬሊን የሚባለው ሆርሞንም በብዛት የሚመነጨው ከዚያው ከሚወጣው ክፍል ነው። እንግዲህ ረሃብሽ የጠፋው ጸጋ ስለ ራቀሽ ሳይሆን ደዋዩ ስለ ተነሣ ነው። ለብዙዎች ከጊዜ በኋላ ይመለሳል፤ ያን ጊዜ ደግሞ «ሕክምናው ከሸፈብኝ» ብለሽ እንዳትጨነቂ።

ከረሃብ ይልቅ ስለ ጥጋብ እንነጋገር። እዚህ ላይ ቋንቋችን ራሱ ሰባኪ ነው። ሰውን «ጥጋበኛ» ስንለው ስለ ምሳው አይደለም የምናወራው። በኦሪት ዘዳግም 32 ያዕቆብ በላ፣ ጠገበ፣ ወፈረ፣ ከዚያም የፈጠረውን ተወ። «በቃኝ» ግን ሌላ ቃል ነው፤ «የበቁ አባት» የምንለውም ከዚያው ከ«በቃ» ነው። ሰሎሞን በምሳሌ 25፥16 ማር ስታገኝ የሚበቃህን ብቻ ብላ፣ ጠግበህ እንዳትተፋው ይላል። ይህን ቃል ስንት ዓመት በምሥጢር ስተረጉመው ኖሬያለሁ፤ ጥያቄሽን ሳነብ ግን እንደ ወረደ እውነት ሆኖ አገኘሁት።

ከልጅነትሽ ጀምሮ መጥገብሽን የነገረሽ ትሪው ነው፤ ትሪው ሲራቆት፣ «በሞቴ» የሚልሽ ሰው ሲደክመው ጠገብሽ። አሁን ከገዛ አካልሽ ልትማሪው ነው፤ እርሱ ደግሞ ድምፁ ዝቅ ያለ ነው። አንዱ ከደረቱ አጥንት ሥር ጫን ያለ ነገር ይሰማዋል፣ ሌላውን ስቅታ ይይዘዋል፣ ሌላው አፍንጫው ይፈስሳል፣ ወይም ሳያስበው በረጅሙ ይተነፍሳል። እንዲህ ያለው ምልክት ሲመጣ እጅሽን ሰብስቢ። የሚያስመልስሽ ከእርሱ በኋላ የምትጨምሪው አንድ ጉርሻ ነው። በደንብ አላምጪ፤ ውኃውን ከምግቡ ጋር ሳይሆን ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይተሽ ጠጪ። እንጀራው ቦታውን እንዳይይዝብሽ ወጡን አስቀድሚ። ሽሮ በማንኪያ መብላት ነውር አይደለም፤ የሚስቅ ይሳቅ።

አሁን ግን ጠንከር ልበልሽ። ተደብቆ ማስመለሱን አልቀበልም። ለሐኪምሽ ዛሬውኑ ተናገሪ፤ ማስመለስ ሲደጋገም ሰውነት ቫይታሚን ቢ1 ያጣል፣ ነርቭም ይጎዳል። ደግሞስ ለማን ብለሽ ነው? ይህ ለይሉኝታ የሚቀርብ መሥዋዕት ነው። ጌታ አምስት ሺሁን ሲመግብ 12 መሶብ ተረፈ፤ የተረፈውን ሰብስቡ አለ እንጂ ማንንም ጨርስ ብሎ አላስጨነቀም።

ውኃ ሳይቀምሱ መዋልም በአንቺ ላይ ሲሆን ይለያል። ባንድ ጊዜ ብዙ መጠጣት ስለማትችዪ ቀኑን ሙሉ ጥቂት ጥቂት መጎንጨት ይኖርብሻል። የሐኪምሽን ቃል ይዘሽ ወደ ንስሐ አባትሽ ሂጂ፣ ከእርሳቸው ጋር ወስኑ፤ እኔ ከሩቅ ሆኜ ሰዓት አልቆርጥልሽም። የታዘዘልሽ የፕሮቲን ዱቄት ከወተት የተሠራ ከሆነ፣ ከአተርና ከአኩሪ አተር የተሠራም ስላለ የምግብ ባለሙያሽን ጠይቂ። ከሥጋና ከወተት መከልከሉ በእጅሽ ነው። ድሮ ለምሳ ታወጪው የነበረው ብርም አሁን ይተርፍሻል፤ ኢሳይያስ በ58ኛው ምዕራፍ እንጀራህን ለተራበ ቁረስ ይላልና ለማን እንደሚገባ ታውቂያለሽ። በዚህ የምትጾሚውን ጾም የሚቆጥረው እግዚአብሔር ራሱ ነው፣ አንቺ አትቁጠሪው።

እናትሽን በተመለከተ፣ እኔ እንደሚመስለኝ ያሳዘናት ሆድሽ ሳይሆን እጇን የገፋሽባት መምሰሉ ነው። ማዕድ ሲቀርብ፣ ገና ቦታ እያለሽ፣ መጀመሪያ ከእርሷ እጅ ጉረሺ። «አንድ ጉርሻ ያጣላል» ካለችሽም፣ ያቺኑ አንዷን ለሁለት ከፍላ ታጉርስሽ።