መልስ፦ ባሮሎውን አሁን ልክፈተው ወይስ ላቆየው?

ወንድሜ፣ በስጦታ ያገኘኸው በእውነት የእ.ኤ.አ. 2016 ባሮሎ ከሆነ አትቸኩል። ባሮሎ በሰሜን ምዕራብ ጣልያን፣ በፒዬሞንቴ፣ ኔቢዮሎ ከሚባል የወይን ዘር ብቻ የሚጠመቅ ቀይ ወይን ጠጅ ነው። ሕጉ ራሱ ቢያንስ 38 ወር ሳይቆይ፣ ከዚያም ውስጥ 18ቱን በእንጨት በርሜል ሳያሳልፍ ለገበያ አይለቀውም። ገና ለጋ ሳለ ታኒኑ፣ ማለትም ከወይኑ ልጣጭና ዘር የሚመጣው ንጥረ ነገር፣ ድድ ያደርቃል፤ ስኳር የሌለው፣ ቅጠል የበዛበት ሻይ እንደ መጠጣት ነው። ዓመታት ሲያልፉ ታኒኑ ከቀለሙ ጋር እየተያያዘ ይከብድና ከፊሉ ይዘቅጣል። አተላ ብታይ ተበላሸ ብለህ እንዳትደፋው! ቀለሙ ወደ ሸክላ ጡብ ይሄዳል፤ የፍሬው ሽታ ለደረቀ ጽጌረዳ፣ ለቆዳና ለትምባሆ ቦታ ይለቃል። እኔ ይህን ሽታ እወደዋለሁ፣ ባለቤቴ ግን "የአሮጌ ቁም ሳጥን" ትለዋለች።

እንዳልከው ፍሪጅ አናት ላይ ከሆነ የምታቆየው ግን ዛሬውኑ ጠጣው፤ ሙቀት ይገድለዋል። የሚፈልገው 12 ወይም 13 ዲግሪ የሆነ ጨለማ ቦታ ነው፣ ቡሹ እንዳይደርቅ ጠርሙሱ ተጋድሞ። ልትከፍተው ስትል አተላው እንዲረጋ ከአንድ ቀን በፊት አቁመው። ከሱፐርማርኬት የገዛሃቸውን ርካሽ ቀዮች ግን አታስቀምጥ፤ አብዛኞቹ ቶሎ እንዲጠጡ የተሠሩ ናቸው።