ከበረኪናው በፊት የሞግዚቷ እጅ

ውድ እህቴ፣ ኮምቦልቻ ላይ በከፈቱት የሕፃናት ማቆያ ከ14ቱ ልጆች አንዱ ተቅማጥ ወይም ጉንፋን ሲይዘው ሌሎቹም ተከታትለው እንደሚታመሙ ገልጸው፣ ክፍሉን በየትኛው የፀረ ተዋስያን ኬሚካል ቢያስረጩ እንደሚሻል ጠይቀዋል። እኔ ደሴ ውስጥ በሚገኝ አንድ ማቆያ 11 ዓመት ሠርቻለሁ። መልሴን አስቀድሜ ልናገር፤ ክፍሉን ማስረጨት አያስፈልግዎትም፤ ትኩረትዎ ሁሉ በሞግዚቶቹ እጅ ላይ ይሁን።

ይህን የተረዳሁት በአንድ ክረምት፣ ከ16 ልጆቻችን 9ኙን በአንድ ሳምንት ውስጥ ተቅማጥ በያዛቸው ጊዜ ነው። ወለሉን በየቀኑ በበረኪና እናጥብ ስለነበር ሽታው እስከ ደጅ ይሰማል፤ በሽታው ግን አልቆመም። አንድ ቀን ሥራዬን ትቼ ጥግ ይዤ ስመለከት፣ ልጆቹን ከልቧ የምትወድ አንዲት ሞግዚት የአንዱን ሕፃን ዳይፐር ቀየረች፤ እጇን ሳፋ ውስጥ በቆየው ውኃ ለቅለቅ አድርጋ፣ ምስማር ላይ በተንጠለጠለችው እርጥብ ፎጣ አበሰች፤ ከዚያም ፍትፍቱን አቅርባ በዚያው እጇ አራት ልጆችን በየተራ አጎረሰች። የልጆቹ አፍንጫም የሚጠረገው በዚያችው ፎጣ ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ዳይፐር የምትቀይረውና ፖፖ የምታስቀምጠው ሞግዚት በዚያ ቀን ምግብ እንዳትነካ ሥራውን ከፈልን። ውኃ በፈረቃ ስለሚመጣ፣ ቧንቧ የተገጠመለት ባልዲ ዳይፐር ከሚቀየርበት ቦታ አጠገብ አቆምን፤ መታጠቢያው ራቅ ካለ፣ ሥራ የበዛባት ሞግዚት ሳትታጠብ ማለፏ አይቀርምና። እጅ በሚፈስ ውኃና በሳሙና፣ ጥፍር ሥር ሳይቀር፣ ቢያንስ ለ20 ሴኮንድ ይታሻል። ሳኒታይዘር ይህንን አይተካም፤ በቆሸሸ እጅ ላይ ብዙም አይሠራም፣ ተቅማጥ የሚያመጡ አንዳንድ ቫይረሶችንም በደንብ አይገድልም። ለእያንዳንዱ ልጅ የራሱን ፎጣ፣ ጠርዙ ላይ የተለያየ ቀለም ክር ሰፍተን ለየን። ጉርሻ ፍቅራችን መሆኑን አውቃለሁ፤ በማቆያ ውስጥ ግን እያንዳንዱ ልጅ በራሱ ማንኪያ ይብላ፤ ሞግዚቷም የምግቡን ሙቀት ለማወቅ ማንኪያውን ወደ አፏ አታስገባው። ተቅማጡ የተወው ልጅ እንኳ ቫይረሱን በሰገራው ለቀናት ሊያስወጣ ስለሚችል፣ እጅ መታጠቡ ሕመሙ ባለፈ ማግስት የሚላላ ነገር አይደለም።

በረኪናም ቦታ አለው። ጠርሙሱ ላይ 5 በመቶ የሚል ከሆነ፣ ሰገራና ትውከት ለነካው ቦታ አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ቀዝቃዛ ውኃ፣ ለጠረጴዛና ለፕላስቲክ መጫወቻ ደግሞ አንድ እጅ በ49 እጅ ውኃ ይበጥብጡ። አስቀድሞ በሳሙና ያልጸዳ ቆሻሻ የበረኪናውን ኃይል ያዳክመዋል። 10 ደቂቃ ካቆዩት በኋላ ልጆች አፋቸው ውስጥ የሚያስገቡትን መጫወቻ በንጹሕ ውኃ ያለቅልቁት። ብጥብጡ በየቀኑ አዲስ ይሁን፤ ከሌላ ማጽጃ ጋር ፈጽሞ አይቀላቀል።

ለጉንፋኑ ደግሞ መስኮት ይክፈቱ። እኛ ዘንድ የጦሳ ተራራ ብርድ ያስፈራናል፤ ወላጆችም «ልጄን ብርድ ይመታብኛል» ይላሉ። ጉንፋን የሚያመጣው ግን ቫይረስ ነው፤ የታፈነ ክፍል ደግሞ ከልጅ ወደ ልጅ እንዲዛመት ይረዳዋል። ልጆቹን ደርበን እያለበስን ትይዩ መስኮቶችን እንከፍታለን። የእናንተ አየር ሞቃት ስለሆነ ይህ ይቀልላችኋል።

ከሁሉ የከበደኝ የጠዋቱ በር ነው። ፈቃድ የማታገኝ ሠራተኛ እናት የልጇን ትኩሳት በፓራሲታሞል ሽሮፕ አብርዳ ታመጣዋለች፤ ረፋድ ላይ የመድኃኒቱ ኃይል ሲያልቅ ልጁ ይግላል። እናቲቱን መውቀስ ይበልጥ እንድትደብቅ ያደርጋታል እንጂ ምንም አይጠቅምም። እኛ በምዝገባ ዕለት፣ ልጁ ቢታመም መጥቶ የሚወስደውን አያት ወይም አክስት ስም እንጽፋለን፤ ሽሮፕ የሰጠች እናትም ሳትሸማቀቅ እንድትነግረን ቃል እንገባባለን። ተቅማጥ የያዘው ልጅ ካቆመለት 48 ሰዓት ሳይሞላው፣ ኩፍኝ የወጣበት ሽፍታው ከታየ 4 ቀን ሳያልፈው፣ ጉድፍ የያዘው ደግሞ ቁስሎቹ ሁሉ ሳይደርቁ አይመለስም። የክትባት ካርድም ይመልከቱ፤ የኩፍኝ ክትባት በ9 እና በ15 ወር ስለሚሰጥ፣ ሁለተኛውን የረሱ ወላጆች ብዙ ናቸው።

ማቆያውን መዝጋት ይኖርብዎት እንደሆነም ጠይቀዋል። አንድ ልጅ ስለታመመ አይዝጉ፤ ነገር ግን የእያንዳንዱን ልጅ ምልክት ከነቀኑ በደብተር ይመዝግቡ። በሁለት ቀን ውስጥ ሁለት ልጆች ላይ አንድ ዓይነት ተቅማጥ ካዩ፣ ወይም አንድ ልጅ ላይ እንኳ ትኩሳት ያለው ሽፍታ ካዩ፣ ደብተሩን ይዘው በዚያው ቀን ወደ ቅርብዎ ጤና ጣቢያ ይሂዱ፤ መዝጋት አለመዝጋቱን ከእነርሱ ጋር ይወስናሉ።