ክዳኑ ተዘግቶ ሲከፈት ስክሪኑ ለሚጨልም ላፕቶፕ፦ ባዮሱን ከማስነካትዎ በፊት

ጤና ይስጥልኝ ወንድሜ። ደሴ ላይ ያገለገለ ላፕቶፕ ገዝተው ኡቡንቱ የተባለውን የሊኑክስ ስርዓተ ክወና እንደጫኑበት፣ ክዳኑን ዘግተው ሲከፍቱት ስክሪኑ ጨልሞ እንደሚቀር፣ ጥገና ቤትም «ባዮሱ መቀየር አለበት» እንዳለዎት ጽፈዋል (ባዮስ ኮምፒውተሩ ሲነሣ መጀመሪያ የሚሠራው፣ በቺፕ ላይ የተጻፈው ፕሮግራም ነው)። እኔም በዚሁ ከተማ በዚያው ችግር ብዙ ስለከፈልሁበት ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልሁም።

1. ባዮሱን አያስነኩ። እኛ ሦስት መምህራን ሆነን አንድ ዓይነት ላፕቶፕ ገዝተን ነበር፤ ሦስቱም ክዳናቸው ሲከፈት ማራገቢያቸው ይዞራል፣ የቁልፍ ሰሌዳቸው መብራት ይበራል፣ ስክሪናቸው ግን ድቅድቅ ጨለማ ነው። የእኔን ጥገና ቤት ወሰድሁት። ጠጋኙ የሌላ ሞዴል ፋይል ሊጭንበት ሲል «ቁጥሩ እኮ ይለያል» ብዬ ብነግረው፣ «አንተ ታውቃለህ ወይስ እኔ?» ብሎ በሰው ፊት አመናጨቀኝ። ያረጀውን ባትሪ አውጥቶ በቻርጀር ብቻ እየሠራ ሳለ፣ ሥራው ሳይጠናቀቅ መብራት ጠፋ። ኮምፒውተሩ ከዚያ ወዲያ አልነሣም፤ እሱ ግን የድካሙን 800 ብር ተቀበለኝ። 400 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዤ አዲስ አበባ ላይ ስምንት እግር ያላትን የባዮስ ቺፕ ፕሮግራመር በተባለው የመጻፊያ መሣሪያ እንደገና አስጻፍሁ፤ ከነመጓጓዣው 6,500 ብር ወጣብኝ።

2. ስሕተቱ ከፈርምዌሩ፣ ማለትም ከዚያው በቺፕ ላይ ከተጻፈው ፕሮግራም፣ ቢሆንም መፍትሔው ያለው ከስርዓተ ክወናው ዘንድ ነው። ብዙ አምራቾች ፈርምዌራቸውን የሚፈትኑት በዊንዶውስ ብቻ በመሆኑ፣ የሊኑክስ ከርነል (የስርዓተ ክወናው እምብርት) እንኳ በኤሲፒአይ (ፈርምዌሩና ስርዓተ ክወናው በሚነጋገሩበት ደንብ) በኩል «ማን ነህ?» ተብሎ ሲጠየቅ ራሱን ዊንዶውስ ብሎ ያስተዋውቃል። የእኛዎቹ ላፕቶፖች ፈርምዌር ጥልቁን እንቅልፍ እችላለሁ ይላል፤ ከርነሉም አምኖት ኮምፒውተሩን ያስተኛዋል፤ ኮምፒውተሩ ግን መንቃት አይችልም። እርስዎ በተርሚናል (ትእዛዝ በሚጻፍበት መስኮት) /ሲስ/ፓወር/ሜም_ስሊፕ (በእንግሊዝኛ ፊደል /sys/power/mem_sleep) የተባለውን ፋይል ይክፈቱ። «ኤስ2አይድል» (s2idle፣ ቀላሉ እንቅልፍ) እና «ዲፕ» (deep፣ ጥልቁ እንቅልፍ) የሚሉ ሁለት ቃላት ካገኙ፣ በማዕዘን ቅንፍ የታቀፈው አሁን የሚሠራበት ነው። ዲፕ ከሆነ በአስተዳዳሪ ሥልጣን ኤስ2አይድል ብለው ይጻፉበትና ክዳኑን ዘግተው ይክፈቱ። ኮምፒውተሩን አጥፍተው ሲያስነሡት ወደ ነበረበት ስለሚመለስ ምንም የሚያጡት ነገር የለም። ከነቃልዎ በግረብ (ስርዓተ ክወናውን በሚያስነሣው ፕሮግራም) ማስተካከያ ፋይል ላይ ለከርነሉ በሚሰጡት ትእዛዞች መስመር «ሜም_ስሊፕ_ዲፎልት=ኤስ2አይድል» የሚለውን በእንግሊዝኛ ፊደል (mem_sleep_default=s2idle) ይጨምሩና «አፕዴት ግረብ» (update-grub) የሚለውን ትእዛዝ ይስጡ። ይህኛው እንቅልፍ ባትሪ ይበላል፤ አዳሩን ሲሆን ማጥፋት ይሻላል።

ይህን ያገኘሁት በባልደረባዬ ላፕቶፕ ላይ ሳምንት ሙሉ ማታ ማታ እየሞከርሁ ነው። ካገኘሁት በኋላም ለራሴ ብቻ አልያዝሁትም። ከርነሉ ፈርምዌራቸው የሚዋሽ ኮምፒውተሮችን በአምራችና በሞዴል ስም የሚለይበት መዝገብ ስላለው፣ የባልደረባዬን ላፕቶፕ የሞዴል ስምና የባዮስ ቁጥር ከከርነሉ መልእክቶች ጋር አያይዤ ለአዘጋጆቹ ላክሁ። ጥያቄና መልሱ ወራት ፈጀ፤ በመጨረሻ ግን ሞዴላችን መዝገቡ ውስጥ ገባ። ዛሬ ያንን ላፕቶፕ የገዛ ሰው አዲሱን ከርነል ሲጭን ምንም ሳይነካ ክዳኑን ዘግቶ ይከፍታል፤ የሁለቱ ባልደረቦቼም እንዲሁ ነው፤ በዚህ እኮራለሁ።

የእኔው ግን ከዚህ አልተጠቀመም። አዲስ አበባ ላይ ቺፗ እንደገና ስትጻፍ የኮምፒውተሩ ስም አብሮ ጠፋ፤ የሞዴሉ ስም በሚነበብበት ቦታ ዛሬ «በአምራቹ የሚሞላ» የሚል የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ብቻ ተቀምጧል። መዝገቡ የሚያመሳስለው በስም በመሆኑ ከርነሉ የእኔን ሊያውቀው አይችልም፤ እኔ ባስመዘገብሁት ሞዴል ላይ፣ የእኔ ላፕቶፕ ብቻ ዛሬም በእጅ የተጻፈች ትእዛዝ ይፈልጋል። ያ ጠጋኝ ያሳጣኝ ከገንዘቡ ይልቅ ይህንን ነው።

የአምራቹ የራሱ አፕዴት፣ ለትክክለኛው ሞዴል፣ ጤነኛ ባትሪ ተሞልቶና ቻርጀር ተሰክቶ ከሆነ ሌላ ነገር ነው፤ እሱን አልቃወምም። ለአሁኑ ግን /ሲስ/ክላስ/ዲኤምአይ/አይዲ (/sys/class/dmi/id) በተባለው ማውጫ ውስጥ ካሉት ፋይሎች የሞዴሉን ስምና የባዮሱን ቁጥር አንብበው እዚሁ ይጻፉልኝ፤ ከእኛው ሞዴል ጋር አንድ ከሆነ ከየትኛው የከርነል ቁጥር ጀምሮ እንደተስተካከለ እነግርዎታለሁ። ላፕቶፑን ከጥገና ቤቱ ዛሬውኑ ይውሰዱት።