እንጆሪው የሚገባው ቢራው ከተብላላ በኋላ ነው

ወንድሜ፣ «ጎንደር ቤቴ ውስጥ ቤልጂጎች እንደሚጠምቁት ዓይነት ቀይ የፍራፍሬ ቢራ ልሞክር ነው፤ እንጆሪውን ከብቅሉ ጋር አብሬ ልቀቅለው ወይ?» ብለህ ጠይቀሃል። በፍጹም አትቀቅለው! እንጆሪ ሲቀቀል መዓዛው በእንፋሎት ይሄድና የማርማላታ ጣዕም ብቻ ይቀራል። በፍሬው ውስጥ ያለው ፔክቲንም (ማርማላታን የሚያረጋው ነገር) ይለቀቅና ቢራው አልጠራ ይልሃል።

ብራሰልስ አካባቢ ክሪክ የሚባለውን የቼሪ ቢራ የሚሠሩት ሰዎች መጀመሪያ ላምቢክ ይጠምቃሉ። ከገብስ ብቅልና ካልበቀለ ስንዴ የሚሠራ ኮምጣጣ ቢራ ነው። እርሾ አይጨምሩበትም፤ የተቀቀለውን ሰፊ ገንዳ ላይ ሲያሳድሩት ከአየሩ ይይዛል። ከዚያ በእንጨት በርሜል ይከርማል። ኮምጣጣው ቼሪ የሚገባው ይሄ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው።

እኛም ቅደም ተከተሉን እንያዝ። እኔ ቢራው መብላላቱ ጋብ ብሎ አረፋው እስኪወርድ እጠብቃለሁ። ለ1 ሊትር 200 ግራም እንጆሪ አሰላለሁ፤ ለ10 ሊትር 2 ኪሎ መሆኑ ነው። አጥቤ፣ ቅጠሉን ነቅዬ ፍሪዘር ውስጥ አሳድረዋለሁ። በረዶው ሥጋውን ስለሚሰነጣጥቀው ሲቀልጥ ጭማቂው በቀላሉ ይወጣል። ፍሬው ከገባ በኋላ ቢራው እንደገና ይነሳል፣ ስለዚህ ከዕቃው አናት ላይ ቦታ ተው። ጥቂት ቀን ቆይተህ ስታየው እንጆሪዎቹ ቀለማቸውን ለቀው፣ ነጣ ብለው ተንሳፍፈዋል። በፈላ ውሃ ባጸዳኸው ማንኪያ በየቀኑ ወደ ታች ድፈቃቸው። አናቱ ላይ ደርቆ የቀረ ፍሬ ይሻግታል።

የእንጆሪ ቅላት አይበረክትም፤ ሲቆይ ይደበዝዛል። ለዚህ መላው ከርከዴ ነው። በሙቅ ውሃ ዘፍዝፌ፣ አቀዝቅዤና አጥልዬ ጨምሬበታለሁ። ቀለሙ ኮምጣጣ ነገር ውስጥ ሲሆን ይበልጥ ይደምቃል፤ ጣዕሙም ከእንጆሪው ጋር ይስማማል።

ጌሾ ላይ እጅህን ሰብሰብ አድርግ። ምሬትና ኮምጣጣነት አይዋደዱም፤ ቤልጂጎቹም ምሬቱ እንዲበርድ ብለው ነው ለዓመታት የከረመ ሆፕ (እንደ ጌሾ ቢራውን የሚያመርር አበባ) የሚጠቀሙት። ለጠላ እንደለመድነው ዕቃውን በወይራ አታጥነው፤ ጭሱ የእንጆሪውን መዓዛ ይውጠዋል።

በጣም የማስጠነቅቅህ ጠርሙስ ላይ ነው። የፍሬው ስኳር ሳያልቅ ከከደንከው ጠርሙሱ ይፈነዳል፤ ዓይን ያጠፋል። ሃይድሮሜትር (በቢራው ውስጥ የቀረውን ስኳር ለማወቅ የሚረዳ መለኪያ) ካለህ ንባቡ ለሦስት ተከታታይ ቀን አንድ ዓይነት መሆኑን አረጋግጥ። ከሌለህ አትቸኩል፤ በለስላሳ መጠጥ ፕላስቲክ ጠርሙስ ሙላ። ጠርሙሱ በእጅህ ሲጨመቅ እንደ ድንጋይ ከጠነከረ ቶሎ ፍሪጅ አስገባው፤ በደንብ ሲቀዘቅዝ ክዳኑን ቀስ እያልክ ክፈት።